መድረስና መሰማት
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ ንግግር



 ዕድሜዬ ገና 18 ዓመት ስለ ኾነ በታላላቆቼ ፊት ለማስተማር አልቆምሁም። የሠራሁትን ስሕተትና ከስሕተቴ ያገኘሁትን ትምህርት ለመናገር ግን ዕድሜ አይከለክልም ብዬ ደፍሬአለሁ።

የንግግሬ ርእስ «መድረስና መሰማት» የሚል ነው። ነገሩም ዕቃዎች እርስ በርሳቸው ስለሚነጋገሩበት ሥርዐት ነው። ይህን ሥርዐት የዘመናችን ሊቃውንት ፕሮቶኮል ይሉታል። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ ይኸውም፦ ኹሉ በሚነጋገርበት ሥርዐት ላይ አዲስ ቃል ስንጨምር፥ የቀድሞውን ቃል ብቻ የሚያውቀው አድማጭ ምን ይኹን? በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መኾናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ምናባዊ ዓለም ምን እንደ ኾነ ላስረዳ። ምናባዊ ዓለም በኮምፒውተር ውስጥ የተሠራ፥ ምድርና ሰማይ፥ ቤትና መንገድ ያለው የሥዕል አገር ነው። ሰው በአምሳሉ ይገባበታል፤ ይራመድበታል፤ ይገነባበታል። ከእነዚህ ዓለማት ስሙ የታወቀው ሊንደን ላብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 ለሕዝብ የከፈተው ሴኮንድ ላይፍ ነው። በ2007 ደግሞ ኦፕንሲሙሌተር የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ተጀመረ። ይህኛው ኢንተርኔት ባይኖርም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሊሠራ ስለሚችል መስመር እንደ ልብ ለማናገኝ ተማሪዎች የተመቸ ነው።

በነዚህ ዓለማት ውስጥ ዕቃ እንዲሁ ተገትሮ አይቀርም። በሩም ቢኾን፥ መብራቱም ቢኾን፥ ከበሮውም ቢኾን፥ በውስጡ ስክሪፕት የሚባል የትእዛዝ ጽሑፍ ሊቀመጥበት ይችላል። ያ ጽሑፍ ለዕቃው ጆሮና አንደበት ይኾነዋል። በሴኮንድ ላይፍ ዕቃው በሹክሹክታ ቢናገር እስከ 10 ሜትር፥ በተራ ድምፅ ቢናገር እስከ 20 ሜትር፥ ቢጮኽ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሰማል። ንግግሩም በቍጥር ተለይተው በሚታወቁ መስመሮች ያልፋል። የዜሮ ቍጥር መስመር ሰው ኹሉ የሚሰማው የአደባባይ መስመር ሲኾን፥ ሌሎቹን የሚሰማቸው ግን በዚያ ቍጥር ላይ ጆሮውን ያቀና ዕቃ ብቻ ነው። እንግዲህ ዘበኛው «ክፈት» ሲል በሩ እንዲገባው፥ በየትኛው መስመርና በምን ቃል እንደሚነጋገሩ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ፕሮቶኮል ማለት ይህ ስምምነት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ ልመለስ። የኮምፒውተር ክበባችን አባሎች በኦፕንሲሙሌተር የፋሲል ግቢን ለመሥራት ተነሣን። ይህ በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢ 12 በሮች እንዳሉት ኹላችሁም ታውቃላችሁ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን፥ ማለት ጃን ተከል በርን፥ እምቢልታ በርንና አደናግር በርን፥ ከእኛ በፊት የነበረ አንድ ተማሪ ሠርቷቸው ነበር። እርሱም ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ማንም እንዳያበላሻቸው ስክሪፕታቸውን ቈልፎት ሄደ። የቀሩትን 9 በሮች የሠራን እኛ ነን።

የቀድሞው ተማሪ ስምምነት ቀላል ነበረ። ዘበኛው በተወሰነ መስመር «ክፈት» ካለ በሩ ይከፈታል፤ «ዝጋ» ካለ ይዘጋል። እኔ ግን ይህ አነሰብኝ። በሩ ለእንግዳ በዝግታ፥ ለንጉሥ ደግሞ እምቢልታ እየተነፋ እንዲከፈት ፈለግሁ። ስለዚህ ቃሉን ለውጬ «ክፈት በዝግታ»፥ «ክፈት በክብር» የሚል ትእዛዝ ጻፍሁ። 9ኙ አዳዲስ በሮች እንደ ታዘዙት ተከፈቱ። ሦስቱ የቀድሞ በሮች ግን ንቅንቅ አላሉም። ድምፁ ደርሷቸዋል፤ ርቀቱም ትክክል ነው፤ መስመሩም ያው ነው። ነገር ግን እነርሱ የሚያውቁት «ክፈት» የሚለውን ብቻ ስለ ኾነ «ክፈት በክብር» ለእነርሱ ሌላ ቃል ኾነባቸው።

ከጓደኞቼ አንዱ «እነዚህ በሮች አርጅተዋል፤ አፍርሰን እንደ ገና እንሥራቸው» አለ። እኔም በሐሳቡ ተስማማሁ። በዚህ ጊዜ ክበቡን የሚመራው መምህራችን ከኋላችን ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ «ለመኾኑ ያጠፋው በሩ ነው ወይስ ተናጋሪው?» ብሎ ጠየቀን። እኔ መልስ አጣሁ። ዝም ያልሁትም ነገሩ ስለ ከበደኝ ብቻ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያደረግሁትን ስላስታወሰኝ ነው። ፈቃዳችሁ ከኾነ እርሱንም እናገራለሁ።

አያቴ የዳባት ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ጠናባቸውና ለሕክምና ጎንደር አመጣናቸው። ከልጆቻቸው ኹሉ አብልጠው የሚጠሩት በጃናሞራ የሚኖሩትን አጎቴን ነበረ። አጎቴ በሚኖሩበት ቀበሌ የስልክ ሞገድ የሚገኘው ከጕብታው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ባትሪው እንዳያልቅ ስልካቸውን ዘግተው ይሰነብቱና፥ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ ይከፍቱታል። እኔም ኀሙስ ዕለት ብደውል ዝግ ስለ ኾነብኝ በአዲሱ ስልኬ፥ በራሳችን ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍሁላቸው፦ «አያ፥ እናትዎ በጣም ታመዋል፤ ጎንደር ነን፤ ቶሎ ይድረሱ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ «መልእክትዎ ደርሷል» የሚል ምልክት በስልኬ ታየ። እየሮጥሁ ሄጄ ለእናቴ «ደርሷቸዋል፤ ነገ ይመጣሉ» አልኋት። እናቴም ለአያቴ ነገረቻቸው። አያቴ እሑድን ሙሉ በር በሩን ሲመለከቱ ዋሉ። ለሰኞ አጥቢያ ዐረፉ።

አጎቴ መርዶውን የሰሙት ረቡዕ ዕለት ነው። ለልቅሶ በመጡ ጊዜ አልተቈጡኝም። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። ስልኩ ያረጀ ስለ ነበረ የግዕዝ ፊደል አልነበረውም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን ተደርድሮበታል። «ይህን ኹሉ ሣጥን ምን ብዬ ላንብበው ልጄ? የንግድ ማስታወቂያ መስሎኝ ተውሁት» አሉኝ። ቍልፎቹን እያሳየኋቸው ያንኑ መልእክት መልሰው ወደ እኔ ስልክ እንዲልኩት አደረግሁ። በእኔ ስልክ ላይ ሣጥኖቹ ጠፍተው ቃሉ አንድም ሳይጐድል ተነበበ። መልእክቱ ከቅዳሜ ጀምሮ በኪሳቸው ነበረ፤ እርሳቸው ግን አልሰሙትም።

ክቡራንና ክቡራት፥ መድረስና መሰማት ልዩ ልዩ ነገሮች መኾናቸውን ያን ቀን አወቅሁ። ስሕተቴም በአዲስ ስልክ መጻፌ አይደለም። የአጎቴ ስልክ ፊደላችንን ያነብ እንደ ኾነ አስቀድሜ አልጠየቅሁም። መልስ ሳይመጣ ሲቀርም ዝምታውን እንደ እሺታ ቈጠርሁት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄጄ ወደ ደባርቅ ለሚሄድ መንገደኛ ቃሌን ብሰጥ ኖሮ፥ እንደ ቀድሞው ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ በደረሰ ነበር። አዲሱ መንገድ ስላለኝ አሮጌውን መንገድ ረሳሁት።

አንዳንዶቻችሁ «በላቲን ፊደል ብትጽፍ ኖሮ ስልኩ ያሳያቸው ነበር» ትሉ ይኾናል። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን ተማሪዎች በዚህ ዐይነት እንጻጻፋለን። ነገር ግን አጎቴ የተማሩት በቄስ ትምህርት ቤት ስለ ኾነ የሚያውቁት ፊደል የራሳችንን ብቻ ነው። ደግሞም በላቲን ፊደል እንደ ልማዳችን ስንጽፍ አንዳንድ ልዩ ልዩ ቃላት አንድ መልክ ይይዛሉ። ስለዚህ ያ መንገድ ስልኩን ያናግረዋል እንጂ ሰውዬውን አያናግርም።

መምህራችን ያን ጥያቄ ከጠየቀን በኋላ በሮቹን ማፍረሱን ትተን ስምምነቱን እንደ ገና አሰብንበት። በመጨረሻም አራት ደንብ አወጣን።

አንደኛ፥ የቀድሞው ቃል ትርጕሙ አይለወጥም። «ክፈት» ትናንት መክፈት ከነበረ ዛሬም መክፈት ነው።

ሁለተኛ፥ አዲስ ቃል ባዶ በኾነ ስፍራ ይቀመጣል እንጂ በነባሩ ቃል ላይ አይለጠፍም። ስለዚህ «በዝግታ»ና «በክብር» የሚሉትን ቃላት ወደ ሌላ ቍጥር መስመር አዛወርናቸው።

ሦስተኛ፥ ተናጋሪው ከመናገሩ በፊት ይጠይቃል፤ ዝምታንም እንደ መልስ ይቈጥራል። ዘበኛው በሩን «የስንተኛው ስምምነት ነህ?» ይለዋል። አዲሱ በር «የሁለተኛው» ብሎ ይመልሳል። እስከ 3 ሴኮንድ ድረስ መልስ ካልመጣ ግን፥ ዘበኛው «ይህ የቀድሞ በር ነው» ብሎ ይረዳና በቀድሞው ቃል ብቻ ያናግረዋል።

አራተኛ፥ አድማጩ ያልገባውን ቃል ያልፈዋል እንጂ አያበላሸውም። የአጎቴ ስልክ ማንበብ ባይችልም መልእክቱን ሳያጠፋ ጠብቆት ነበር።

ይህን ካደረግን በኋላ ዘበኛውን አቆምነውና 12ቱን በሮች አስከፈትነው። 9ኙ እምቢልታ እየተነፋላቸው ተከፈቱ። ሦስቱ የቀድሞ በሮች ያለ እምቢልታ፥ እንደ ጥንታቸው ተከፈቱ። ክብሩ ቢቀርባቸውም መከፈቱ አልቀረባቸውም። ያንን የሠራው ተማሪ በዚያ ባይኖርም ሥራው ከእኛ ሥራ ጋራ አብሮ ቆመ።

ይህ አሳብ ከውጭ የመጣ አዲስ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን አስቀድመው ሠርተውበታል። ፊደላችንን ተመልከቱ። የግዕዝ ፊደል ለአማርኛ ድምፆች ባልበቃ ጊዜ የቀድሞውን ፊደል አልሻሩትም፤ ትንሽ ምልክት ጨመሩበት እንጂ። ከሰ ሸን፥ ከተ ቸን፥ ከነ ኘን፥ ከከ ኸን፥ ከዘ ዠን፥ ከደ ጀን፥ ከጠ ጨን አወጡ። ሰ ግን ሰ እንደ ኾነ ቀረ። ስለዚህ አዲሱ ፊደል ከገባ በኋላም የግዕዙ መጽሐፍ እንደ ጥንቱ ተነበበ።

የዜማውንም ምልክት ተመልከቱ። እንደሚነገረው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ማለት ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን አደራጁ። ይዘት፥ ደረት፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ቍርጥ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ምልክቶች የተቀመጡት በቃሉ መካከል አይደለም፤ ከቃሉ በላይ ነው። ዜማ የተማረው ምልክቱን አይቶ ያዜማል፤ ያልተማረውም ቃሉን ብቻ ያነባል። ማንም ከመጽሐፉ ባዶ እጁን አይመለስም። እኛ በኮምፒውተር ላይ ብዙ ደክመን ያገኘነውን ሁለተኛ ደንብ እነርሱ በብራና ላይ ሠርተውት ኑረዋል።

ይኸው ሥራ በኮምፒውተር ፊደልም ተደግሟል። በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው የፊደል ቍጥር 128 ስፍራ ብቻ ስለ ነበረው ለግዕዝ ፊደል ቦታ አልነበረበትም። በኋላ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቍጥር ለፊደሉ ሰጡ። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የለሽ ምልክት ይኾን ነበረ። እንደ ፍስሐ አጥላውና እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ከሌሎች ጋራ ደክመው፥ በ1999 በወጣው በ3ኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደል 345 ስፍራ ተሰጠ። ዩኒኮድ ማለት ለዓለም ቋንቋዎች ፊደል ኹሉ የጋራ ቍጥር የሚሰጥ ስምምነት ነው።

ነገሩ በዚያ አልቆመም። በ2005 ለብሊን፥ ለሜኤንና ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ፊደሎች ተጨመሩ፤ በዚያው ዓመት 10 የዜማ ምልክቶችም ገቡ። በ2010 ለጋሞ፥ ለጎፋ፥ ለዳውሮ፥ ለባስኬቶና ለጉሙዝ፥ በ2021 ደግሞ እንደ ገና ለጉራጌ ቋንቋዎች ተጨመረ። ይህ ኹሉ ሲጨመር በ1999 ለሀ የተሰጠው ቍጥር ከስፍራው አልተነቃነቀም።

ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ያወጡት ዩቲኤፍ 8 የተባለው የአጻጻፍ ዘዴም በዚሁ ደንብ የተሠራ ነው። በአስኪ የተጻፈ የቀድሞ ጽሑፍ አንድ ነገር ሳይለወጥ በዚህም ይነበባል፤ አዳዲሶቹ ፊደሎች በባዶው ስፍራ ገብተዋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። የእንግሊዝኛው ፊደል በ1 ባይት ሲጻፍ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይፈልጋል። በሴኮንድ ላይፍ አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ የሚናገረው የተወሰነ ባይት ብቻ ስለ ኾነ በፊደላችን ከ341 ሆሄ በላይ መናገር አይችልም። በስልክም ዘዴው ሌላ ቢኾን ነገሩ ያው ነው፤ አንዱ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ሲይዝ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል። ዘግይቶ የመጣ እንግዳ የተረፈውን መቀመጫ ይይዛል እንደ ማለት ነው። ቢኾንም ቆሞ ከመቅረት ይሻላል።

አሁን ንግግሬን ወደ መጨረሻው አደርሳለሁ። እናንተ ጓደኞቼ፥ ነገ ከእናንተ መካከል መሐንዲስ፥ ሐኪም፥ የባንክ ሠራተኛ፥ አስተማሪ የሚኾን አለ። የምትሠሩት ሥራ ኹሉ በአዲስ ቃል የሚናገር ይኾናል። በዚያን ጊዜ ከጕብታ ላይ ወጥቶ አሮጌ ስልኩን የሚከፍተውን ሰው አስታውሱት። አዲሱን የያዘ ሰው አሮጌውንም ያውቃል፤ አሮጌውን የያዘ ግን አዲሱን አያውቅም። ስለዚህ የመጠየቁ ዕዳ የሚወድቀው አዲሱን በያዘው ላይ ነው። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁትን ግን መልቀም አልቻልሁም።

ውድ ወላጆቻችን፥ እናንተንም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አጎቴ ሣጥኖቹን ባዩ ጊዜ በአጠገባቸው የነበረውን ወጣት «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ለመጠየቅ ዐፍረው እንደ ነበረ በኋላ ነግረውኛል። እባካችሁ አትፈሩን። የላክንላችሁ ነገር ሣጥን ብቻ ኾኖ ከታያችሁ «አልገባኝም» በሉን። ያ ቃል ለእኛ ስድብ አይደለም፤ ሥራችንን የምናርምበት ነው።

አጎቴ አሁንም ያንኑ ስልክ ይዘዋል። እኔም ብርቱ ጉዳይ ሲኖር አስቀድሜ እደውላለሁ፤ ዝግ ከኾነ መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ ቃሌንም ለመንገደኛ እሰጣለሁ። «ደረሰ» የሚለውን ምልክት አይቼ አልቀመጥም፤ «ሰማሁ» የሚለውን ድምፅ እስክሰማ ድረስ እጠብቃለሁ።